አስራ ሰባት ቁልፍ

ጋሽ ይርሳው ሲያልፍ ለእኔ የተወው
አንድ ቁልፍ ነው፤
በር የማይከፍት፣ ሣጥን የማይዘጋ፣
አስራ ሰባት ቁጥር፣ የመካኒክ ቁልፍ፤
አፉን ሞርዶታል፣ እንጨት እንዳይወጋ፣
ለስልሶ እንዲያልፍ።

ሽምብጥ ነው ቤቴ። ቆርቆሮው ሲጮህ፣ ቶርኖዬ ሲዞር፣
የጣና ነፋስ በስንጥቁ ገብቶ ፍቅፋቂ ሲያበርር፣
“አንቺ ልጅ” ይለኝ ነበር፣
“ዓይን ይሸነግላል፤ ዓይን ዘመድ አለው፤
ብረት ግን ባዳ ነው፣ ያገኘውን ነው የሚለው።”

ሥራው እንዲህ ነው፤
እንጨቱ እየዞረ በመሮ ስልጠው፣
ቁልፉን ከጀርባው ጣል አድርጌ ስጠብቅ፣
“አልገባም” እያለ ላዩ ላይ ሲሳሳቅ፣
ድንገት ሸርተት ይላል፣ ቀለበት ጣት ላይ እንደሚገባ።
እዚያ ላይ እጅን ማንሳት።
ከዚያ ወዲያ የሚላጥ፣ የጸጉር ታህል፣
ስስት ነው እንጂ ሙያ አይባል።

መያዣው የዋንዛ ነው፤ አራት ቦታ የተሰነጠቀ፣
በመኪና ፋሸታ ወገቡ የታነቀ።
አስራ ሰባት ሲሆን ያቅፋል፤
ሲያንስ ግን እንጨቱ ይርገበገባል፣
ፑንታው ከመሐል ተነሥቶ በጎን ይወጣል።
ስንቱን ወይራ፣ ስንቱን ጥሩ ብሳና
እንዲህ ገድያለሁ፣ እጄ ሳይቀና።

ሐሙስ ዕለት አቶ ኑርልኝ መጡ፤
ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከጃንጥላ ሥር ተቀምጠው
ሠላሳ ዓመት የሰው በደል የጻፉ፣
በብብታቸው የአባታቸውን መቅዘፊያ ይዘው።
“ይማም ታንኳውን ለሰው ሰጠ፤ ይኼን አልሰጠም።
ጣሪያ ሥር ነበር፤ ምስጥ አልነካውም።
አንድ እስክሪብቶ ይወጣዋል?”
“ከየት በኩል?”
ጣታቸውን ሰደዱ፤ ሳያዩ አገኙት
ጎድጎድ ያለውን፣ የእጁን ቦታ፣
እንቦጭ ሳይመጣ፣ የሞተር ጀልባ ሳይመጣ፣
ይማም ጠዋትና ማታ
ሲጨብጡት፣ ሲጨብጡት የበሉትን።
“ጫፉ ይሻላል፤ ወፍራም ነው” አልኩ።
“ጫፉን ማንም አልያዘው።”

ቆረጥኩት። አሰርኩት።
ውሃ የጠጣው ቆዳው ሲገፈፍ መጀመሪያ አመድ ነበር፣
ቀጥሎ ዳማ፣ ቀጥሎ ማር።
ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ እኔ እከተላለሁ፤
አለቀ ስል ቁልፉን ጣል አደረግሁ።
ሳይነካው አለፈ፣
ባለቤቱ በሌለ ቤት፣ በሩ በተረፈ።
ካሊፐር አወጣሁ። አስራ ስድስት ከሁለት።
ስምንት አስረኛ ሚሊ፤ የጎደለችው ይህቺው ናት።

ዋንዛው አልያዘውም።
ቶርኖውን አጠፋሁ። ከሐይቁ በኩል የሰው ድምፅ መጣ፣ ሄደ።
“ሌላ ቦታ እንቁረጥ” አልኩ፤ እሳቸው አልመለሱልኝም።
ከኮታቸው ኪስ ወረቀት አወጡ፣
ባለጉዳዩ ሳይመለስ የቀረ ማመልከቻ፤
በረጅሙ ቀደዱና
“በዚህ ሞክሪው እስቲ” አሉኝ፣ ይህን ብቻ።

አንድ ዙር። ላላ።
ሁለት ዙር፤ “ለክቡር ፍርድ ቤቱ” የሚለው ታጠፈ። ላላ።
ሦስት፤ “ድንበሬን ገፍቶ” የሚል ዓይኔ ላይ ወደቀ።
አራት፤
ቁልፉ ነከስ፣ ሸርተት አለ፣ ጠበቀ።
ልክ።

ፋሸታውን አሰርኩ። ሰባት ሚሊ ፑንታ፣ ቀስ፤
ጥፍር ታህል ገብቶ መመለስ፣
ብናኙን ማፍሰስ፣
እንደገና ቀስ።
ከወዲያ ጫፍ ስትወጣ ዙሪያው እኩል ነበረ።
በቀዳዳው አሻግሬ አየሁ፤
መጀመሪያ የአቶ ኑርልኝ ዓይን፣
ከጀርባቸው በሩ፣ ከበሩ ወዲያ ውሃ።

ነሐሱን፣ ኮላውን፣ ሰሙን አልተርክም፤ ሌሊቱን ሠራሁት።
ጎድጎድ ያለውን ግን ሳላስተካክል ተውኩት፤
በካሊፐር ስህተት ነው።
ጋሽ ይርሳው ቢያየው ይቆጣ ነበር፣ አውቃለሁ።

በነጋታው ብጫቂ ወረቀት ሰጠኋቸው።
ሰው እስክሪብቶ ሲሞክር ስሙን ነው የሚጽፍ።
እሳቸው “ጉዳዩ፡” ብለው ጻፉ፣
ሁለቱን ነጥብ አጠበቁ፤
ከዚያ፣ እጃቸው ሳይነሣ፣ ብዙ ቆዩ።